የፍላታችን ሊዝ 81 ዓመት ነው የቀረው፤ 80 ሳይገባ ምን ላድርግ?

ሰናይት ደቡብ ለንደን
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ሰላም እህት ወንድሞች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እኔና ባለቤቴ ቤታችንን የገዛነው በ2004 ነው። የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር ፍላት ነበር፤ ተከራይ የሚኖርበትን ቤት እንዲገዛ በሚፈቅደው በራይት ቱ ባይ ነው ያገኘነው። ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ልጆቻችን እዚሁ ነው ያደጉት። ያኔ ጠበቃችን፣ ሶሊሲተሩ፣ «የ125 ዓመት ሊዝ ነው» ብሎን ነበር። እኔም ከ125 ላይ 21 ቀንሼ፣ ገና 104 ዓመት አለን ብዬ ተረጋግቼ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሪሞርጌጅ ልናደርግ፣ ማለትም የቤት ብድራችንን በአዲስ ልንቀይር ስንል ብድር አፈላላጊው ብሮከር ደወለ። «ሊዛችሁ 81 ዓመት ብቻ እንደቀረው ታውቃላችሁ?» አለኝ። ክው አልኩ። ተሳስተሃል አልኩት። ከላንድ ሬጂስትሪ፣ ከመሬትና ቤት መዝገብ ቤቱ ያወጣውን ወረቀት ላከልኝ። እውነትም «ከጁን 1፣ 1981 ጀምሮ ለ125 ዓመት» ይላል። በ2004 የገዛነው ቤት እንዴት ከ1981 ይቆጠራል? በ1981 እኔ ደሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

ብሮከሩ «80 ሳይገባ አራዝሙት፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው ይዘላል» አለኝ። ለምን እንደሚዘል ግን አላስረዳኝም። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ 990 ዓመት ይሰጣሉ፣ አትቸኩይ ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ሌላው ጭንቀቴ ባለቤቴ አዲስ አበባ መሆኑ ነው። እናቱን እያስታመመ ነው፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። እሱ ሳይኖር ይቻላል?

ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።


የብሪክስተኑ
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

አይዞሽ እህቴ። በመጀመሪያ ተኚ። ገና ጊዜ አለሽ።

ስህተት አይደለም። የኔም እንዲሁ ነበር። ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን የመግዛት መብት ያገኙት በ1980ው የቤቶች ሕግ ነው። ሊዙ 125 ዓመት ነው፣ ልክ ነው። ግን ሕጉ አንድ ነገር ፈቅዶላቸዋል። ሕንፃው ውስጥ ቀድሞ የተሸጠ ፍላት ካለ፣ በኋላ የሚሸጡትም ሊዛቸው ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲያበቃ ማድረግ ይችላሉ። በናንተ ሕንፃ አንድ ሰው በ1981 ገዝቷል ማለት ነው። እናንተ በ2004 ስትገቡ 102 ዓመት ነው የተሰጣችሁ። ሶሊሲተሩ ይህን ቁጭ አድርጎ ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

ይህን ለሁሉም ነው የምለው። የካውንስል ፍላት የገዛችሁ ሁሉ፣ የገዛችሁበትን ዓመት አትመኑ። ሊዙ ላይ «ከ... ጀምሮ» የሚለውን መስመር አንብቡ። በ80ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ሊዞች በሙሉ አሁን ወደ 80 እየተንሸራተቱ ነው።

ያንቺ በጁን 2026 መጀመሪያ 80 ይገባል። አሥራ አምስት ወር ተኩል አለሽ።


ካዛንቺስ
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ይቅርታ፣ ላልገባን አስረዱን። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ እህቴ እዚያ ፍላት ልትገዛ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ሊዝ ማለት ከመንግሥት የምትይዘው መሬት ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፣ በጨረታ ትገባበታለህ። እናንተ ጋ ሊዙ የመሬቱ ነው ወይስ የቤቱ?


የብሪክስተኑ
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ብዙ ሰው እዚህም እየኖረ አይለየውም።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፍላት ገዛህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውንም መሬቱንም አልገዛህም። በውስጡ ለተወሰነ ዘመን የመኖር መብት ነው የገዛኸው። ባለቤቱ ፍሪሆልደር ይባላል። ካውንስል ሊሆን ይችላል፣ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ ግለሰብም ሊሆን ይችላል። ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱ ወደሱ ይመለሳል። ለዚህ ነው ዓመቱ ባጠረ ቁጥር የቤቱ ዋጋ የሚወርደው። ባንኮችም ብድር ለመስጠት ማመንታት ይጀምራሉ። አንዳንዱ ባንክ 80 ላይ፣ አንዳንዱ 70 ላይ ፊቱን ያዞራል።

እህትህ ከመግዛቷ በፊት መጀመሪያ የምትጠይቀው ነገር «ስንት ዓመት ቀረው?» ይሁን። የኩሽናውን ማማር በኋላ ታየዋለች።


ሜሮን ሊድስ
ፌብሩዋሪ 10፣ 2025

እኔ ጓደኛሽ ልክ ናት እላለሁ። አዲሱ ሕግ በሜይ 2024 ጸድቋል። ሥራ ላይ ሲውል ማራዘሚያው 990 ዓመት ይሆናል። አሁን 90 ብቻ ነው። ሊዙ 80 ዓመትና ከዚያ በታች ሲቀረው የሚጨመረው፣ ማሬጅ ቫልዩ የሚባለው ክፍያም ይቀራል። የባለመሬቱን፣ ማለትም የፍሪሆልደሩን የጠበቃ ወጪ መክፈልም በአብዛኛው ይቀራል። ታዲያ ዛሬ ለምን ትከፍያለሽ?

እኔ 64 ዓመት የቀረው ፍላት ነው ያለኝ፣ እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ላራዝም ብል የቤት ገማቹ፣ ሰርቬየሩ የነገረኝ ዋጋ ራስ ያዞራል።


ሒሳብ ወዳድ
ፌብሩዋሪ 10፣ 2025

ሜሮን፣ ለአንቺ መጠበቁ ሊያዋጣ ይችላል። ለሰናይት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ይህን ጉዳይ ቁጭ ብዬ አጥንቼዋለሁ።

ባለመሬቱ ሲያራዝምልሽ የሚያጣው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ግራውንድ ሬንቱን፣ ማለትም በየዓመቱ የምትከፍይለትን የመሬት ኪራይ። በራይት ቱ ባይ ሊዝ ይህ በዓመት ከ10 ፓውንድ አይበልጥም፣ ስለዚህ ኢምንት ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከ81 ዓመት በኋላ ወደሱ የሚመለስበትን መብት። ይህን ዛሬ ስንት ያወጣል ብለን በወለድ ወደኋላ እንቆጥረዋለን። ለፍላት የተለመደው መጣኝ 5 በመቶ ነው፣ ስፖርቴሊ በሚባለው ክርክር የጸና ነው።

ቤቱ ረጅም ሊዝ ቢኖረው 350,000 ፓውንድ ያወጣል እንበል። ከ81 ዓመት በኋላ የሚገኝ 350,000 ፓውንድ በ5 በመቶ ሲቆጠር ዛሬ 6,700 ገደማ ነው። ግራውንድ ሬንቱን ስንጨምርበት 6,800 አካባቢ ይሆናል። ይኸው ነው ዋጋው።

አሁን 79 ዓመት ቢቀረው እንይ። የመመለሻ መብቱ ወደ 7,400 ያድጋል። ይህ ብዙ አይደለም። ግን 80 እና ከዚያ በታች ሲሆን ማሬጅ ቫልዩ ይገባል። ስሙ ጋብቻ ነው። ያንቺ መብትና የባለመሬቱ መብት ለየብቻ ከሚያወጡት ይልቅ አንድ ላይ ሲጋቡ የሚያወጡት ይበልጣል፣ ያ ብልጫ ነው ማሬጅ ቫልዩ የሚባለው። ግማሹን ለባለመሬቱ ትከፍያለሽ። አጭር ሊዙ ያለው ቤት ዛሬ 330,000 ቢያወጣ፣ የብልጫው ግማሽ 6,000 ፓውንድ ያልፋል። ጠቅላላው 13,000 ተኩል ገደማ ይደርሳል።

በሁለት ዓመት ልዩነት እጥፍ ሆነ። ሊዙ 80 ዓመት ከአንድ ቀን ከቀረው ግን ይህ ክፍያ ዜሮ ነው።

ስለዚህ ሰናይት፣ አዲሱ ሕግ ማሬጅ ቫልዩን ቢያስቀርም ላንቺ የሚያተርፍልሽ ነገር የለም፣ አሁንም አትከፍይውምና። የምታተርፊው የባለመሬቱን የጠበቃና የሰርቬየር ወጪ ብቻ ነው። ሕጉ እስከ ጁን 2026 ሥራ ላይ ካልዋለ ግን ብዙ ሺህ ፓውንድ ታጫለሽ። በዚያ ላይ አዲሱ ሕግ የወለድ መጣኙን መንግሥት እንዲወስን ነው የሚያደርገው። ገና አልተወሰነም። መጣኙ ከ5 በመቶ ቢወርድ ያንቺ ዓይነቱ ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ደግሞ 81 ላይ 90 ሲጨመር 171 ነው። ለልጅ ልጆችሽ ይበቃል።


ሜሮን ሊድስ
ፌብሩዋሪ 10፣ 2025

እሺ፣ ገባኝ። የሁለታችን ጉዳይ አንድ አይደለም። ሰናይት፣ ቃሌን አንስቻለሁ። እኔ 80ን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ ለኔ መጠበቅ ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል። አንቺ ግን ጀምሪ።


የሕግ ቢሮ ሠራተኛ
ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ውስጥ የቤት ዝውውር በሚሠራ የሕግ ቢሮ ነው የምሠራው። ሶሊሲተር አይደለሁም፣ ግን እነዚህን ፋይሎች በየቀኑ ነው የማገላብጠው። ሒሳብ ወዳድ በደንብ አስረድተኸዋል።

ሰናይት፣ አካሄዱ እንዲህ ነው። በ1993ው ሕግ መሠረት ለባለመሬቱ ሴክሽን 42 የሚባል ማስታወቂያ ይሰጠዋል። ማስታወቂያው ላይ የምትከፍይውን ዋጋ አንቺ ትጽፊያለሽ። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማስታወቂያው ለባለመሬቱ የደረሰበት ቀን ዋጋውን ይቆልፈዋል። ከዚያ ድርድሩ ዓመት ቢፈጅ እንኳ የሚቆጠረው በዚያ ቀን የነበረው ዓመት ነው። ስለዚህ ከጁን 2026 በፊት መጨረስ የለብሽም። ከዚያ በፊት ማስታወቂያውን መስጠት ነው ያለብሽ። ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አትጠብቂ። ማስታወቂያው ላይ ስህተት ከተገኘ ውድቅ ሊሆን ይችላል። እንደገና ለማዘጋጀት ጊዜ ይኑርሽ።

ማስታወቂያው ባለመሬቱ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ይወስንለታል፣ ቢያንስ ሁለት ወር ነው። በዚያ ቀን ካልመለሰ አንቺ በጻፍሽው ዋጋ እንዲሰጥሽ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ። ከመለሰ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ነው የሚጽፈው፣ አትደንግጪ። ሰርቬየሮቹ ይደራደራሉ። ካልተስማሙ ከመልሱ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ እንዲህ ያለውን ክርክር ወደሚዳኘው ትሪቡናል ይኬዳል። ይህን የስድስት ወር ገደብ ጻፊው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ካለፈ ማስታወቂያው እንደተተወ ይቆጠራል፣ ሌላ ለመስጠት አንድ ዓመት ትጠብቂያለሽ። ያንቺ ሊዝ ደግሞ በዚያ ዓመት ውስጥ 80 ይገባል።

ዋጋውን ስትጽፊ ከአእምሮሽ አይሁን። ለድርድር ዝቅ ማለት ይቻላል፣ ግን እውነታውን የራቀ ዋጋ ማስታወቂያውን ራሱን ያበላሸዋል። መጀመሪያ ሰርቬየር ይገምት። ባለመሬቱ ከጻፍሽው ዋጋ 10 በመቶ መያዣ ሊጠይቅሽ እንደሚችልም እወቂ።

ስለ ባለቤትሽ፦ ቤቱ በሁለት ሰው ስም ከሆነ ማስታወቂያው በሁለታችሁም ስም መሆን አለበት። አንድ ሰው ብቻውን አይችልም። ግን እሱ እዚህ መገኘት የለበትም። ከ2014 ጀምሮ ሶሊሲተር ስለናንተ መፈረም ይችላል። መጨረሻ ላይ አዲሱ ሊዝ ሲመጣ እሱም በምስክር ፊት ይፈርማል፣ ያ አዲስ አበባም ሆኖ ይሆናል። ማንነቱን ማጣሪያው ነው ጊዜ የሚወስደው፣ ፓስፖርቱንና የአድራሻ ማስረጃውን ካሁኑ አዘጋጁ።

አንድ መልካም ዜና ለሌሎች፦ ድሮ ቤቱን ከገዛችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላ ማራዘም አትችሉም ነበር። ያ ከጃንዋሪ 31 ጀምሮ ቀርቷል። አጭር ሊዝ ያለው ቤት የገዛ ሰው ሁለት ዓመት ሳይጠብቅ መጠየቅ ይችላል።


ሰናይት ደቡብ ለንደን
ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ልበላችሁ? ለባለቤቴ በስልክ አነበብኩለት። እሱም «ነገ ጀምሪው» ብሏል። ገንዘቡ አሁን በእጃችን የለም። ግን እቁብ ገብቻለሁ፣ ዕጣዬ በኦገስት ነው። ካልሆነ ዳኛዋን አስፈቅጄ አስቀድማለሁ።


ኑር ሼፐርድስ ቡሽ
ፌብሩዋሪ 12፣ 2025

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ወለድ ስለማልነካ ቤቴን የገዛሁት በኢስላማዊ ባንክ በኩል ነው። ሊዙ 86 ዓመት ቀርቶታል። አካሄዱ ያው ነው?


የሕግ ቢሮ ሠራተኛ
ፌብሩዋሪ 12፣ 2025

ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ ኑር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአብዛኛው እንዲህ ባለው ውል ላንድ ሬጂስትሪ ላይ የተጻፈው ስም የባንኩ ነው። አንተ ክፍያህን እስክትጨርስ የሊዙ ባለመብት እሱ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አንተ በስምህ ብትሰጥ አይጸናም። መጀመሪያ ለባንኩ ጻፍለት። ወጪውን አንተ ትችላለህ፣ ማስታወቂያው ግን በነሱ ስም ይሄዳል። ባንኮቹ ይህን ያውቁታል፣ ግን ቀርፋፋ ናቸው። ስድስት ዓመት አለህ ብለህ አትዘናጋ።


አባተ ኬንቲሽ ታውን
ፌብሩዋሪ 14፣ 2025

ልጆቼ፣ ምክራችሁን አንብቤ ደስ አለኝ። በኔ የደረሰውን ልንገራችሁና ሌላው ይማርበት።

ቤቴ ከአሮጌ ትልቅ ቤት የተከፈለ ፍላት ነው። ፍሪሆልደሩ ካውንስል ሳይሆን ኩባንያ ነው። በ2015 ሊዜ 68 ዓመት ቀርቶት ነበር። ከኩባንያው ደብዳቤ መጣልኝ። ቆንጆ ወረቀት ነው፣ በትሕትና የተጻፈ። «ወደ 99 ዓመት እናድስልዎ፣ 9,500 ፓውንድ ብቻ፣ በ30 ቀን ውስጥ ከፈረሙ» ይላል። ሰርቬየር ጠይቄ ነበር፣ በሕጉ መንገድ ከሄድክ ከዚያ በጣም ይበልጣል ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ዕድል ነው ብዬ አሰብኩ። ሶሊሲተሩንም እነሱ ናቸው ያመለከቱኝ። ፈረምኩ።

በውሉ ውስጥ ግራውንድ ሬንቱ በዓመት 250 ፓውንድ ሆኖ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ ይሆናል የሚል መስመር ነበረ። አንብቤዋለሁ። 250 ምን አላት ብዬ ነው ያለፍኳት። በዚህ ዓመት 500 ሆነች። በ2035 ሺህ ትሆናለች። በ2045 ሁለት ሺህ። በ2055 አራት ሺህ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱን ሸጬ ልጄ ጋ በርሚንግሃም ልሄድ አስቤ ነበር። ሁለት ገዢ መጣ፣ ሁለቱም ተመለሱ። የሁለቱም ባንክ ግራውንድ ሬንቱን አይቶ አላበድርም አለ። ይኸው ከነሻንጣዬ ተቀምጫለሁ።

ደብዳቤ ሲመጣላችሁ አትፈርሙ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ የገዛሁት ቤት ነው።


የብሪክስተኑ
ፌብሩዋሪ 14፣ 2025

ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። አንጀቴን ነው የበሉት። እርስዎ አይደሉም ያጠፉት። እንዲህ ያለውን መስመር ከደንበኛ ፊት አስቀምጦ በግልጽ ማስረዳት የሶሊሲተሩ ሥራ ነበር።


ሰናይት ደቡብ ለንደን
ፌብሩዋሪ 14፣ 2025

ጋሽ አባተ፣ ነፍስ ይማር። ስለነገሩን በጣም አመሰግናለሁ። በሩ ተዘግቷል ማለት ነው? ለጋሼ ምንም ማድረግ አይቻልም?


የሕግ ቢሮ ሠራተኛ
ፌብሩዋሪ 15፣ 2025

ጋሽ አባተ፣ አልተዘጋም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በስምምነት የታደሰ ሊዝም ቢሆን የ1993ው ሕግ መብት አይጠፋም። እርስዎ አሁንም ሴክሽን 42 ማስታወቂያ መስጠት ይችላሉ። 90 ዓመት ይጨመርልዎታል፣ ግራውንድ ሬንቱም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሊዝዎ አሁን 89 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ማሬጅ ቫልዩ የለበትም።

ችግሩ ዋጋው ነው። እያደገ የሚሄደውን ግራውንድ ሬንት ሁሉ ለባለመሬቱ አስቀድሞ መካስ ስላለብዎት ውድ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አዲሱ ሕግ ለእርስዎ የሚጠቅመው። ሥራ ላይ ሲውል ለዋጋ ስሌት የሚያዘው ግራውንድ ሬንት ከቤቱ ዋጋ 0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ቤትዎ 400,000 ቢያወጣ የሚቆጠረው በዓመት 400 ነው ማለት ነው፣ አራት ሺህ አይደለም። ትልልቅ ባለመሬቶች ይህን ሕግ በፍርድ ቤት እየተቃወሙት ነው። እርስዎ ግን 80 እስኪገባ ዘጠኝ ዓመት ስላለዎት፣ መሸጡ ካላስቸኮለዎት በስተቀር መጠበቅ ይችላሉ።

እስከዚያ ሁለት ነገር ያድርጉ። የ2015ቱን የሶሊሲተር ፋይል ይጠይቁ፣ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ጋ ይደውሉ። በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ነው፣ የመጀመሪያው ምክር ነጻ ነው።

ለሌሎቻችሁም፦ ከጁን 30፣ 2022 ወዲህ አዲስ ሊዝ ላይ ግራውንድ ሬንት መጫን በሕግ ቀርቷል። በስምምነት ሲታደስም ለተጨመረው ዘመን አይጫንም። ለቀረው የድሮ ዘመን ግን የነበረው ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬም ይመጣል፣ ዛሬም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱን ያዙት፦ በሕጉ መንገድ ከሄዳችሁ ግራውንድ ሬንቱ ወዲያው ዜሮ ነው። በደብዳቤው መንገድ የምታገኙት እነሱ የጻፉትን ነው።


አባተ ኬንቲሽ ታውን
ፌብሩዋሪ 15፣ 2025

ልጄ፣ እድሜ ይስጥህ። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሰኞ እደውላለሁ።


ሰናይት ደቡብ ለንደን
ኖቬምበር 16፣ 2025

ሰላም ወገኖቼ። ዘጠኝ ወር ሆነ። ቃል ስለገባሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰርቬየር የያዝነው በማርች ነው። ቤቱን አየ፣ ለካ። ከ6,500 እስከ 7,500 ድረስ ይሆናል አለን። ሒሳብ ወዳድ፣ ያንተን ቁጥር አሳየሁት፣ «ይህን ማን ሠራልሽ?» አለኝ። ማስታወቂያውን በኤፕሪል አጋማሽ ሰጠን። 5,600 ነው የጻፍነው።

ካውንስሉ መልስ የሰጠው በቀነ ገደቡ የመጨረሻ ሳምንት ነው። 8,900 ብለው መጡ። የሕግ ቢሮው ወንድማችን አስቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ እደነግጥ ነበር። ሰርቬየሮቹ ተጻጻፉ። በሴፕቴምበር 7,000 ላይ ተስማሙ። ትሪቡናል አልደረስንም። ግን ሶሊሲተራችን የስድስት ወሩን ቀን ጠብቃ ማመልከቻውን አዘጋጅታ ይዛ ነበር። እኔም እንደተመከርኩት ቀኑን ፍሪጅ ላይ ለጥፌው ነበር።

ሁሉም ወጪ ሲደመር፣ ማለትም የኛ ሶሊሲተር፣ ሰርቬየራችን፣ የካውንስሉ ጠበቃና ገማች፣ ከዋጋው ጋር 11,000 ፓውንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። የእቁብ እህቶቼ ባይኖሩ አይሆንልኝም ነበር። ዕጣው የወጣላት እህት ለእኔ ለቀቀችልኝ።

አዲሱን ሊዝ ባለቤቴ ቦሌ በሚገኝ የጓደኛው ቢሮ ውስጥ በምስክር ፊት ፈርሞ በፖስታ ላከው። አርብ ዕለት አለቀ። አሁን ላንድ ሬጂስትሪ ጋ ነው። 171 ዓመት፣ ግራውንድ ሬንት ዜሮ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ከኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት የሶማሌ እናት ናት። ሊዟ እንደኛው ነው፣ ከ1981። ስነግራት አላመነችኝም ነበር። አሁን ልጇን ልካልኝ ወረቀቱን እያሳየሁት ነው። እስከ ጁን ስድስት ወር ተኩል አላቸው።


ሒሳብ ወዳድ
ኖቬምበር 16፣ 2025

እንኳን ደስ አላችሁ! ሕንፃው ውስጥ ስንት ፍላት አለ? ሁሉም በአንድ ቀን ነው 80 የሚገቡት። በየበሩ ወረቀት ብታስገቡ ጥሩ ነው። አብራችሁ ብትሄዱ አንድ ሰርቬየር ለብዙ ቤት በቅናሽ ይሠራል።


ሰናይት ደቡብ ለንደን
ኖቬምበር 16፣ 2025

24 ነው። ስንቱ እንደተገዛ፣ ስንቱ የካውንስል ተከራይ እንደሆነ አላውቅም። ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ።


አባተ ኬንቲሽ ታውን
ኖቬምበር 17፣ 2025

ልጄ ሰናይት፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔም ወሬ አለኝ። ባለመሬቶቹ ሕጉን የተቃወሙበት ክስ ኦክቶበር 24 ቀን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል። ያ የ0.1 በመቶው ገደብም ከተከራከሩባቸው አንዱ ነበር። ሕጉ ገና ሥራ ላይ አልዋለም፣ ግን ተስፋዬ ከፍ ብሏል። የ2015ቱ ፋይልም መጥቶልኛል። ሌላ ሶሊሲተር እያየው ነው።


ትርሲት ሐክኒ
ኖቬምበር 17፣ 2025

አዲስ ነኝ፣ ዛሬ ነው ይህን ያገኘሁት። አባቴ በ1999 ከካውንስል የገዙት ፍላት ነው፣ ሁላችንም ገና መቶ ዓመት አለው ብለን ነበር የምናወራው። አሁን ማታ ከሣጥናቸው ሊዙን አውጥቼ አነበብኩት። «ከሜይ 16፣ 1983 ጀምሮ» ይላል። 82 ዓመት ተኩል። ሰናይት እህቴ፣ የሰርቬየርሽን ስልክ በግል መልእክት ልትልኪልኝ ትችያለሽ? ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ልደውል።